ሁለቴ የበላችው ተሳፋሪ

የደሴው አውቶቡስ ለምሳ ጀውሃ ከተማ ሲቆም ከሁሉም ቀድማ ምግብ ቤቱ የገባችው አንዲት ቀጭን ወጣት ነበረች። በዚያ ወበቅ ሹራብ ለብሳለች። ጥግ ይዛ ብትቀመጥም እግሯ ከጠረጴዛው ስር አላርፍ አለ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ፋዲላ ዓይኗን ከእሷ ላይ መንቀል አቃታት።

ልጅቷ ጥብሱን በቅጡ ሳታላምጠው ጨረሰች፤ ወዲያው ፍርፍር ደገመች። ሰው ሲያያት እጇን ከሳህኑ ትሰበስባለች፤ ዞር ሲልላት ትቀጥላለች። እንዳበቃች በጥድፊያ ወደ ጓሮ ሄደች። ፋዲላ ተከትላ ብትወጣ ከሽንት ቤቱ የማስመለስ ድምፅ ሰማች።

ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። የቀኝ እጇ ጣቶች ጉሮሮዋ ውስጥ ስትከታቸው ጥርስ ፍቋቸው ቆስለዋል።

"ምግቤ ነው የጎዳሽ?" አለች ፋዲላ።

"ኧረ ይጣፍጣል፣ እትዬ። መኪና አይስማማኝም።"

"መኪናው እኮ ቆሟል። ነፍሰ ጡር ነሽ እንዴ?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "አይደለሁም። ቤትም እንዲሁ ነኝ። መብላት ከጀመርኩ ማቆም ያቅተኛል፤ ከዚያ መወፈሩን እፈራለሁ። ካላወጣሁት እረፍት የለኝም።"

"ያ አላህ! ይሄማ በሽታ ነው፣ ልጄ። ሐኪም አየሽ?"

"ምን ብዬ? የሚላስ የሚቀመስ ያጣ ሰው በሞላበት አገር፣ በልቼ በልቼ እተፋዋለሁ ልበል?"

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ጮኸ። ልጅቷ አፏን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ሮጠች።

"ለሐኪሞቹ ለእኔ እንዳልሽው ንገሪያቸው!" ብላ ፋዲላ ከኋላዋ ጮኸች። "ልክ እንደዚሁ!"

ልጅቷ የአውቶቡሱን በር ይዛ ለአፍታ ቆመች፤ ዞር ብላ አየቻትና ገባች።