ተኩላ የሚሆነው ዳኛ

ደርቤ ደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ ቪዲዮ ቤት አለው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። የተወለደው ዳባት አጠገብ፣ ማረሻና ማጭድ ከሚሠራ ቀጥቃጭ ቤት ነው። ያገሩ ሰው አባቱን አቶ ድረስን ፊት ለፊት «ባለ እጅ» ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ «ቡዳ»። ቀጥቃጭ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ስለሚባል፣ ደርቤ እስከ ስምንተኛ ክፍል አጠገቡ የሚቀመጥ አላገኘም።

ከዚያ ደባርቅ ገባ። ፓርኩን ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች እያበሰለ ዘጠኝ ዓመት ተራራ ወጣ፣ ወረደ፤ እንግሊዝኛውን ያገኘው እዚያ ነው። ጉልበቱን ሲያመው ቪዲዮ ቤቱን ከፈተ። ፊልሙ ሲሄድ ከጎን ቆሞ በአማርኛ ይተርካል። የማን ልጅ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም።

አንድ ቀን ከጎንደር በመጣ ፍላሽ ውስጥ አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም አገኘ። ወጣት ዳኛ ጫካ ውስጥ አውሬ ይነክሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ጠጉር እያበቀለ ተኩላ ይሆናል። ሲነጋ ያደረገውን አያውቅም፤ እጁ ላይ ደም ሲያይ ያለቅሳል። ደርቤ ብቻውን ሁለት ጊዜ አየውና ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ሦስት ወር ቆይቶ፣ አዲስ ፊልም ባጣበት ቅዳሜ አወጣው።

ገበያተኛው ወደደው። በየሳምንቱ «ዳኛውን ክፈትልን» ይለው ጀመር። በኮምፒውተር የተሠራ አዲስ የተኩላ ፊልም አምጥቶ ቢሞክር እንቢ አሉት። እንዳለው የሚባል አስተማሪ ደርቤን ምክንያቱን ሲጠይቀው፣ «ሌላው አውሬ ከውጭ ነው የሚመጣ» አለው። «ይኼኛው ከራሱ ከሰውየው ይወጣል። ሲነጋ ደግሞ ያፍራል።»

ባለፈው ጥር፣ የዳኛው እጅ ጠጉር ማብቀል ሲጀምር፣ ከዳባት በኩል የመጣ ያርጋል የሚባል ገበሬ ከመሃል ተነሣ።

«ተኩላ ተኩላ የምትል ለምንድን ነው? ጅብ ነው በል እንጂ። የቀጥቃጩ የድረስ ልጅ አይደለህም?»

ደርቤ ፊልሙን አቆመው።

«ነኝ» አለ። «አባቴ ማረሻ ሲሠሩ አይቻለሁ። ጅብ ሲሆኑ አላየሁም።»

ስድስት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እማማ የሺወርቅ፣ «በል ልቀቀው እንጂ ልጄ፤ ሰውየው እኮ ግማሽ ሆኖ ቀረ» አሉ።

ለቀቀው። ትረካውን ካቆመበት ቀጠለ።

ያርጋል አልወጣም። እንደ ቆመ እስከ መጨረሻው አየ። ሰው ሁሉ ሲበተን ወደ ደርቤ ጠጋ አለ።

«በጥይት ሲመታ ሰው ሆኖ ነው የወደቀ። ድኖ ነው ወይስ ሞቶ?»

«ሞቶ ነው።»

«ጠበል አልወሰዱትም?»

«በነሱ አገር ያለ አይመስለኝም።»

«ዘመድ ቢኖረው የሚወስደው አያጣም ነበር» ብሎ ያርጋል ዱላውን አንሥቶ ሄደ።

ከወጡት ስድስት ሁለቱ ተመልሰዋል። ጎረቤቱ ገዱ ግን፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ለደርቤ ብቻ የሚሆን ብርጭቆ ለይቶ አስቀምጧል። ደርቤ ብርጭቆውን አውቆታል። ሻዩን እዚያው ይጠጣል።