ቆሞ የደረቀው ሺሻም

ኢናየት በዋዚራባድ ከተማ የቢላ እጀታ ሲገጥም ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ብረቱን አንጥረኞቹ እየደራረቡ ይቀጠቅጡታል፤ አሲድ ነክቶት የደማስቆ የሚባለው የሞገድ መስመር ሲወጣለት ወደ እሱ ይመጣል። እንጨት መምረጥ የእሱ ፋንታ ነው። ያንኳኳዋል፣ ያሸታታል፣ የተቆረጠውን ጫፍ በምላሱ ይነካል፤ ቀዝቀዝ ካለው አልደረቀምና ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። ሚስት ሲያገባ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም እያሉ አንጥረኞቹ ይቀልዱበታል።

ለእህቱ ለሱግራ ባል ለሊያቃት በሠራው ቢላ ላይ ግን ተሳሳተ። ሊያቃት ሥጋ ሻጭ ነው። አምና የሊያቃት እናት ከሱግራ ወገን የመጣውን የበዓል ስጦታ በጎረቤት ፊት አቃለውት ነበርና፣ ኢናየት ዘንድሮ አፍ የሚያስይዝ ነገር ፈለገ። ከቦዩ ዳር በበሽታ ቆሞ የደረቀ ሺሻም የሚባል ዛፍ ተቆርጦ ሲመጣ፣ ጥቁር መስመሩ እንደ ብረቱ ሞገድ ሲጠማዘዝ አየና ልቡ ሸፈተ። ቆሞ የደረቀ ዛፍ ምን እርጥበት ይኖረዋል ብሎ፣ ምላሱን ሳያስነካ ቆርጦ እጀታ ሠራበትና ቢላውን ላከለት።

በበዓሉ ዋዜማ ከዚያው ጣውላ የተረፈውን ቁራጭ ከመደርደሪያው ሲያነሳ፣ ትኩሱ ንፋስ መሃል ለመሃል ሰንጥቆታል። የዛፉ ላዩ እንጂ ልቡ አልደረቀም ነበር። ነገ ጠዋት ሊያቃት በዚያ ቢላ፣ እጁ በደም ርሶ፣ የሰፈሩን በሬ ያርዳል። እጀታው ከለቀቀ ጣቶቹ የሚንሸራተቱት ወደ ስለቱ ነው።

ጭንቁ ማስመለሱ ላይ ነው። በአገሩ ወግ ለእህት ቤት የተሰጠ አይመለስም፤ የሴት ወገን በባሏ ቤት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ኢናየት መጋዙን፣ ሞረዱንና ለዓመታት በጥላ የደረቀ የወይራ ቁራጭ በከረጢት ይዞ ሄደ።

ሲደርስ ሊያቃት ቢላውን ለእንግዶቹ እያሳየ ነበር። ኢናየት ነገሩን ሲያስረዳ ሳቀበት።

«ምነው ወንድሜ፣ ሲያምርብኝ ጊዜ ቆጨህ?»

እናቱ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ሱግራ! ወንድምሽ የሰጠውን ሊወስድ መጥቷል። ሌላ የቀረው ነገር ካለ አምጪለት።»

ሱግራ በሩ ላይ ቆማ፣ ተወው በሚል ዓይን አየችው። ኢናየት ግን ንቅንቅ አላለም።

«አልወስደውም። ከዚህ ግቢም አይወጣም» አለ። «በጥፍርህ ብቻ እንጨቱና ብረቱ የተጋጠሙበትን ዳሰው።»

ሊያቃት ለማላገጥ ያህል ዳሰሰው። ክፍተቱ ጥፍሩን ያዘው። እንጨቱ ሸሽቶ ብረቱ ወጣ ብሏል፤ እጀታውን ከያዘው የናስ ሚስማር ሥርም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። ሳቁ ጠፋና ቢላውን አቀበለው።

ኢናየት ግቢው መሃል ቁጭ ብሎ ያንን ያማረ ሺሻም ፈነቀለው። ወይራውን ሰነጠቀ፣ በሳ፣ ሚስማሩን መትቶ አጣበቀ፣ ሞረደ። የእንጨቱ ዱቄት ጉሮሮውን ዘጋው። ሱግራ ውሃ አምጥታ ስትቆም እናትየው በዓይናቸው ተከተሏት፤ እሱም በእጁ መለሳት።

አዲሱ እጀታ ፈዛዛ ነው፣ አንድ መስመር እንኳ የለውም። ሊያቃት ጨበጠው፣ ውሃ አፍስሶበት እንደገና ጨበጠው። ለእጅ ይስማማል ብሎ ብቻ ወደ እንግዶቹ ዞረ። እናቱ ተቀብለው አገላበጡት።

«አሁን ገና እናንተን መሰለ» አሉ።

ሱግራ ወንድሟን እስከ በሩ ሸኘችው። መሸፈኛዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

«የእሱስ እጅ ተረፈ» አለችው። «እኔ ግን እስከ መጪው በዓል ይቺን ስሰማ ልከርም ነው።»

ኢናየት ከረጢቱን አንስቶ ወጣ። መንገድ ላይ ከከረጢቱ የሺሻሙን ስባሪ አውጥቶ የተሰበረውን ጫፍ በምላሱ ነካው። አሁን ደርቋል።