ለሁለት የተጫወተችው ጵርስቅላ

ጵርስቅላ ኤርሲዶ ቴኒስ የለመደችው ሊሙ ገነት፣ አባቷ ጥበቃ ሆነው በሚሠሩበት የቡና ድርጅት ግቢ ውስጥ ነው። የመክፈቻ ምቷ (ሰርቯ) ደካማ ስለነበር ለብቻዋ ስትገጥም ብዙም አልራቀችም። መረቡ ሥር ግን እጇ ፈጣን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መንደራ ቆጪ ከሚባለው የጅማ ሰፈር ልጅ ከሳቢሃ ጋር ተጣምራ መጫወት ጀመረች፤ መተዳደሪያዋም ይኸው ሆነ። ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ እያሉ ሰባት ዓመት አብረው ዞሩ።

በስምንተኛው ዓመት ናይሮቢ ላይ አንድ ቀላል ኳስ ሳቢሃ ሳትነካው በአጠገቧ አለፈ። ሆቴል ሲገቡ ቀኝ ዓይኗ ጥላ ብቻ ማየት ከጀመረ ወራት እንዳለፉት ነገረቻት። ሐኪሙ አይመለስም ብሏታል። ለማንም እንዳትናገር ለመነቻት፤ ጵርስቅላም እሺ አለች። አዝናላት ብቻ አይደለም፤ ያለ ሳቢሃ እሷም የትም እንደማትደርስ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ በሳቢሃ ቀኝ ቆማ በዚያ በኩል የሚመጣውን ሁሉ እየሮጠች መለሰች። ጉልበቷ እያበጠ ደረጃ መውረድ አቃታት። ዓመት ሳይሞላ ተጋጣሚዎች ነቁባቸው። አዲስ አበባ ላይ ኳሱን ወደ ሳቢሃ ቀኝ ብቻ እየላኩ ስድስት ለዜሮ፣ ስድስት ለአንድ አሸነፏቸው። የቡድናቸው አሠልጣኝ ለይኩን ጵርስቅላን ለብቻዋ ጠርቶ ምክንያቱን ጠየቃት። ዝም ካለች ሁለቱም እንደሚቀነሱ ሲነግራት ተናገረች። ሳቢሃ በዚያው ሳምንት ተሰናበተች።

ለጵርስቅላ ልያ የምትባል ወጣት ተሰጠቻት። አንድም ጨዋታ አላሸነፉም። ጵርስቅላ ሳታስበው ወደ ቀኝ እየሮጠች የልያን ኳስ ትነጥቃለች፤ ሁለቴም ተጋጩ። በመጨረሻ ልያ ራኬቷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ እኮ የምትጫወቺው ለሁለት ነው። እኔ የት ልቁም?»

ከሌላ ሴት ጋርም ሞከሯት፤ ያው ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ስሟ ከቡድኑ ወጣ።

ጅማ እንደተመለሰች ይቅርታ ልትጠይቅ መንደራ ቆጪ ሄደች። የሳቢሃ እናት እማማ ኩልሱም አስገቧት። ሳቢሃ አልተቆጣቻትም።

«ራሴ እንድነግራቸው አንድ ቀን ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?» አለቻት።

 ጵርስቅላ ተነሥታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ የላከችላት መልእክቶችም መልስ አላገኙም።

አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ተጣማሪ የጎደላት ተጫዋች ካለች ብላ በየሳምንቱ ወደ ናይሮቢና ካምፓላ ትጽፋለች። እስካሁን የጠራት የለም።