«ዛሬ ነው እንዴ የምንሄደው?»

ይህ ነገር የደረሰብን ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ቆይቶ ነው። ዓመታት አለፉ። ለእኔ ግን ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ በየማለዳው ስለምሰማው አላለፈም።

ባለቤቴ ነስሩ መርካቶ፣ ጭድ ተራ አጠገብ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ ይሸጥ ነበር። አፉ የማያርፍ፣ ተቆጥቶ የወጣውን ደንበኛ አስቆ የሚመልስ ሰው ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ከመኪና ሲራገፍ ገመዱ ላላና ከላይ የነበረው የብርድ ልብስ ቦንዳ ተንከባሎ ወረደበት። ወደ ኋላ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ብርድ ልብስ ሰው ይጎዳል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም ነበር።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ራሱን ሳያውቅ ሰነበተ። ሲነቃ አልሐምዱሊላህ ብለን ጎረቤቱን ሁሉ አበላን። ለካ ደስታችን ቸኩሎ ነበር። ቀኝ እግሩ ይጎተታል። ቃል ይጠፋበታል፤ ማንኪያ ለማለት «ያቺ... ያቺ...» እያለ እንባው ይመጣል። ልጃችንን ሃያትን «እህቴ» ይላታል። ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት አያስታውስም። ሱቁን እኔ ያዝኩት። ቤት ብቻውን ስለማይተው እሱንም ይዤው እሄዳለሁ፤ አጠገቤ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል።

ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ጎረቤት ነጋዴ ነበሩ። ዕቃ ለማምጣት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ይመላለሳሉ። ነስሩን የሚያዩት እንደ ልጃቸው ነው። አንድ ጊዜ ከመንገድ እንደተመለሱ ቤታቸውም በቅጡ ሳያርፉ ሱቃችን መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«ዘይነባ፣ መድኃኒቱ ተገኘ!» አሉኝ። «ያረፍኩበት ከተማ አንድ ክሊኒክ አለ። ከገዛ ዳሌው አጥንት መቅኔ ይወስዱና ሴሉን ለይተው ጭንቅላቱ ውስጥ ይተክሉለታል። የሞተው ቦታ መልሶ ይሠራል ነው የሚሉት።»

«እውነት ሐጂ? የዳነ ሰው አይተዋል?»

«በቪዲዮ አሳይተውኛል። መቆም አቅቶት የነበረ ሰው ሲራመድ።» ወደ ነስሩ ዞረው እጁን ያዙት። «አይዞህ ልጄ። ትሄዳለህ፣ ድነህ ትመለሳለህ፣ ኢንሻአላህ።»

ነስሩ አፍጥጦ አያቸው። «እሄዳለሁ» አለ። ሳይንተባተብ ነው ያለው። እኔ ለቅሶዬ መጣ።

በማግሥቱ ገና ዓይኑን ሲገልጥ «ዛሬ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለኝ።

ደነገጥኩ። የበላውን ምሳ የማያስታውስ ሰው ይህን እንዴት ያዘው? በሚቀጥለውም ቀን ጠየቀኝ። ከዚያም ጃኬቱን ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

የተራው ነጋዴ ሁሉ «ለወጪው እንረባረባለን» አለ። እኔም ሱቁን የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀመርኩ። ግን ልቤ አላረፈም፤ መጀመሪያ ነስሩን ሱቅ ለጎረቤት ትቼ ቀዶ ሕክምናውን የሠራለትን ሐኪም ላማክር ሄድኩ። ወጣት ነው። ሐጂ እንደነገሩኝ አድርጌ ነገርኩት።

«እትዬ ዘይነባ፣ ጨርሶ ውሸት ነው አልልዎትም» አለ። «በሌላው ዓለም ያሉ ተመራማሪዎች እየሞከሩት ነው። በእንስሳት ላይ ጥሩ ምልክት ያዩ አሉ። ሰው ላይ ግን ይጥቀም ይጉዳ ገና አልተረጋገጠም። ክሊኒኩ እንዳለቀለት ነገር አድርጎ ነው የሚሸጠው። ጭንቅላቱ ውስጥ ኢንፌክሽን ሊገባ፣ እብጠት ሊወጣ ይችላል። የቀረውንም ሊያጣ ይችላል።»

«ወንድምዎ ቢሆንስ ዶክተር?»

«አልወስደውም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እንደ እርስዎ አጠገቡ ስውል ብከርም ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

አብነት ሰፈር ከታክሲ ወርጄ ወደ መርካቶ በእግሬ ተመለስኩ። ምን አለሽ ተራ ስደርስ ሰዉ ብረቱን ይቀጠቅጣል፤ ያረጀ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ቆሜ ሳይ ቆየሁ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል። ነስሩ ወደሚጠብቀኝ ሱቅ መግባት ፈራሁ።

ለሐጂ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። «እኔ እኮ ለክፋት አይደለም፣ ልጄ» አሉ።

«አውቃለሁ ሐጂ። እንዴት ብዬ ክፋት ነው እላለሁ?»

ለነስሩ መንገር ቀረኝ። ቁርሱን አብልቼው «ነስሩዬ፣ አንሄድም። ሕክምናው ገና ነው አሉ» አልኩት። ሲገባው ቆየ። ከዚያ «ምን... ምን አጠፋሁ?» አለኝ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። አቅፌው አብሬው አለቀስኩ።

ማልቀሱን ረሳው። ጉዞውን አልረሳም። በማግሥቱ ጃኬቱን ለብሶ «ዛሬ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለኝ። እንደገና ነገርኩት፤ እንደ አዲስ አለቀሰ። ሰውን በየቀኑ ማርዳት እንዴት ይቻላል? መንገሩን ተውኩት።

ሐጂ አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። አልተቀየምኳቸውም። ሐኪሙም እውነቱን ነው የነገረኝ። ሰዎች «ብልህ ነሽ፣ ሱቅሽንም ባልሽንም አተረፍሽ» ይሉኛል። ልክ ሳልሆን አልቀርም። ግን ልክ መሆኔ አንድም ቀን እንቅልፍ ሰጥቶኝ አያውቅም። ሬዲዮ ስለ ሴል ሕክምና ካወራ ሥራዬን አቁሜ እሰማለሁ። ይጨርሱና ዘፈን ይከፍታሉ።

አሁን ሲጠይቀኝ «ዛሬ አይደለም» እለዋለሁ። ይህ ውሸት ይሁን እውነት እኔም አላውቅም። እሱ ግን «እሺ» ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ይሰጠኛል። ቢቆጣ፣ ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። አምኖኝ ነው የሚቀመጠው።