ሱቅ የምታዘጋው ልጅ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢቸና ሞጣ እየተመላለስኩ መናገር ያቃታቸውን ልጆች አስተምር ነበር። ትዕግሥት የለሽ ነኝ፤ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደመረጡኝ እኔም አይገባኝም። ልጅ ላይ ግን ተቆጥቼ አላውቅም። የምቆጣው ወላጅ ላይ ነው።

ሞጣ ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጥ እናት የአምስት ዓመት ልጇን እንዳይላት ለመነችኝ። ስሟን ተጠይቃ ካልመለሰች ለመስከረም ትምህርት ቤት አንመዘግባትም ብለዋታል። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ እዚያው ሄጄ ላስተምራት ተስማማን። ጎረቤቶቿ "የእሷ ሱቅ በየቀኑ ጁምዓ ነው፣ ይዘጋል" እያሉ ያሾፉባት ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ለልጅቷ ኳስ አሳየኋት። ዞር ብላም አላየችው። ፊቷን ወደ ጓዳው መለሰችና፣ ከዚያች ትንሽ ደረት ይወጣል በማይባል ወፍራም ድምፅ "ሱቁን ዝጊና ነይ" አለች። አስከትላም ሁለቴ ሳለች፤ የትልቅ ሰው ሳል።

እናትየዋ ለደንበኛ ጨርቅ እየለካች ነበር። መቀሷን አስቀመጠች፤ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቃ ሸኘቻት፤ በሩን ቀረቀረች። ጓዳ ገብታ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆመችና "መጣሁ፣ ምን ላምጣልዎ?" አለች።

ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። በታመመባቸው ወራት ልጅቷን ጎኑ አስተኝቶ ሚስቱን የሚጠራት እንዲሁ እያለ ነበር። አንዳንድ ልጆች የራሳቸው ቃል እስኪመጣ የሰሙትን እንደ ቴፕ ይደግማሉ። ይህንኑ አስረዳኋት።

"እሱስ ገብቶኛል እትዬ" አለችኝ፤ "ግን ተጠርቼ እንዴት ዝም እላለሁ?"

ተቆጣኋት። ልጅቷ በአባቷ ቃል ሱቅ ማዘጋት ከቻለች የራሷን ቃል ምን ብላ ትፈልጋለች? "በዚያ ድምፅ ስትጠራሽ አትመልሺላት። በራሷ ድምፅ ስትጠይቅሽ ብቻ ስጫት" አልኳት።

ታዘዘችኝ። በየሳምንቱ ስመለስ ይበልጥ ከስታ አገኛታለሁ። ጥሪው ሲመጣ መደርደሪያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ትቆማለች፤ አንጀቴን ትበላኛለች፤ እኔ ግን ፍንክች አላልኩም። ጥሪው መልስ ሲያጣ ይደጋገም ጀመር። በአራተኛው ቅዳሜ ልመና የመሰለ ነገር ገባበት፤ ልጅቷ እንዲህ ያለውን ከየት እንደሰማችው እናቷም አታውቅም። አልዋሽም፣ ከዚያ ወዲያ ለጓዳው ጀርባዬን ሰጥቼ አልተቀመጥኩም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ በቀጭን ድምፅ "ውሃ" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥሪውም ሳሉም ቀረ። ነሐሴ ሲያልቅ ስሟን ስትጠየቅ ትመልስ ነበር። ደስታዬን አልደብቅም፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። "አሁን ደግሞ ቃላት ስታገጣጥም አጨብጭቢላት፤ ይበልጥ ትናገራለች" አልኳት እናትየዋን።

ይህን ስላት ሦስታችንም ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል። ልጅቷ ኳሱን አስቀምጣ ጓዳውን ረጅም ጊዜ አየችና፣ በገዛ ድምፅዋ፣ "አባ ዝም አለ" አለች።

እናትየዋ አየችኝ። ከዚያም እንዳዘዝኳት እጆቿን አንስታ አጨበጨበች። ልጅቷም ደስ ብሏት ደገመችው፤ እናቷም እንደገና አጨበጨበችላት።