ነገ መተኛት ትችላላችሁ

ከሚስቱና ከመታወቂያ ወረቀቱ በቀር እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ለቀረው ሰው ሁሉ ጋሽ ቀለም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ግድግዳ ሲፍቅ፣ ስቱኮ ሲለጥፍ፣ ሲቀባ ኖሯል። ሥራውን ሲጨርስ ቡርሹን አጥቦ፣ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆም ይልና ለባለቤቶቹ፣ «ነገ መተኛት ትችላላችሁ» ይላቸዋል። ይህን ሲል ድምፁ የዳኛ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። ቱታውን አውልቆ ከበሩ ውጪ ያለች ምስማር ላይ ይሰቅላል። እጁን መጀመሪያ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ከዚያም እንደገና በሳሙና ይታጠባል። ሕጉን ሚስቱ አይደለችም ያወጣችው፤ ራሱ ነው። የሠርጋቸው ሰሞን አንዲት አክስቷ፣ «ባልሽ እኮ የቀለም ቆርቆሮ ነው የሚሸተው» ስትል ሰምቶ ነበር። እነሆ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያችን ቃል ከላዩ ላይ ሲያጥብ ይኖራል። የሚያጥበውን ሽታ ግን ራሱ አያሸተውም፤ አፍንጫው ድሮ ሞቷል። ምድጃ ላይ የጣደው ወተት ሲያር የሚነግረው ጎረቤት ነው።

የዕረፍቱን ነገር ያመጣችው ልጃቸው ናት። የጉዞ ወኪል ቤት ነው የምትሠራው። «አባዬ፣ አሁን ሰው ወደ ባሕር የማይሄድበት ወቅት ስለሆነ ዋጋው ግማሽ ነው። እማዬ ባሕር ሳታይ ልታረጅ ነው» አለችው። ሚስቱ ከሠርጋቸው ጀምሮ ባሕር ባሕር ትል ነበርና እምቢ ማለት አልቻለም። አምስት ሌሊት ተያዘላቸው። ሻንጣ ሲሸከፍ ሚስቱ ያችን ቀለም የተረጨባት የሥራ ቆቡን አጣጥፋ ስትከት አያት።

«ደግሞ እሷን ምን ልትሠራ?»

«ለፀሐይ ነዋ።»

«እዚያም ድረስ ቀለም ይከተለኝ?» ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ሻንጣውን ዘጋችው።

ሲደርሱ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። ወንበሮቹ እርስ በርስ ተደራርበው በገመድ ታስረዋል፤ የአይስክሬም መሸጫዋ ሳጥን ቁልፍ ተንጠልጥሎባታል፤ ንፋሱ አሸዋውን እያነሳ በተዘጉት ሱቆች ደጃፍ ይከምረዋል። አሥራ አንድ ክፍል ባለው የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ያሉት እንግዶች እነሱ ብቻ ነበሩ። ባለቤቲቱ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸው። «ለእናንተ ብዬ ከሁሉ የሚያምረውን አዘጋጅቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ነው ያስቀባሁት!» አለችና በሩን ከፈተች።

ጋሽ ቀለም ሻንጣውን ሳያወርድ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሙያ ነውና አያስችልም። ግድግዳው ዘይት ቀለም ነው፤ ሲቀባ የተንጠባጠበው እንደ ሻማ ቀልጦ ወርዷል፤ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት አልተፈገፈገም። «ይሄን የቀባ ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ገንዘብ የተቀበለው» አለ በሹክሹክታ። በጣቱ ጫን አድርጎ ነካው። «ቢሆንም ደርቋል» ሲል ፈረደ። ሚስቱ ንፋሱ እንዳያስነጥሰው ብላ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፤ ከሥሩም ፎጣ ወሸቀችበት።

በነጋታው ሲነሳ ራሱን በመዶሻ የሚመቱት ነበር የመሰለው። ሆዱ ይገላበጣል፤ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ባሕሩ ዳር ወጥተው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቀለል አለው፤ እኩለ ቀን ላይ ጨርሶ ተወው። በሁለተኛው ጠዋት ግን ብሶ መጣ። ያን ጊዜ ልቡ ስንጥቅ አለ።

ይህን ሕመም ያውቀዋላ! ቡርሽ አያያዝ ያስተማረው፣ እንደ አባቱ የሚያየው አሠልጣኙ እንዲህ ነበር የጀመረው። ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ። ቀጥሎ ሳል መጣ። ሐኪሞቹ ሳንባው አልቋል አሉ። በስምንተኛው ወር ጋሽ ቀለም ራሱ ነበር አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ። ሰውዬው ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጋሽ ቀለም ደግሞ ባለፈው ወር ሃምሳ ስድስት ሞላው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው አለ በልቡ።

ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቀችውን ባሕር በሞቱ ወሬ ሊያበላሽባት አልፈለገም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። እሷ እርጥብ አሸዋ ላይ ጫማዋን አውልቃ እየሮጠች ማዕበሉን ስትሸሸው፣ ስትስቅ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያለ እሱ እንዴት እንደምትኖር ያሰላስል ነበር። ከፊቷ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው።

በሦስተኛው ጠዋት መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ ተዘረረ። ሚስቱ ጮኸች። ባለቤቲቱ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዱት። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ውጪ ውጪውን ሲሄዱ እንዲያውም እግሩ ጸና፤ እሱ ግን ይህን ልብ ለማለት ቀልብ አልነበረውም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ወቅቱ ጭር ያለ ስለሆነ አንዲት ወጣት ጤና መኮንን ብቻ ነበረች፤ ከሹራቧ በላይ ነጭ ጋዋን ደርባ።

ደረቱን አዳመጠች፣ ግፊቱን ለካች። «መቼ ነው የሚብስብዎ አባቴ?»

«ጠዋት። ከእንቅልፌ ስነሳ።»

«ከዚያስ?»

«ባሕሩ ዳር ስንውል ይተወኛል። ስንገባ ይመለሳል።»

ወደ ሚስቱ ዞረች። «እርስዎስ እናቴ፣ ደህና ነዎት?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ራሴን ትንሽ ይወቅረኛል እንጂ። ንፋሱ ነው።»

ጋሽ ቀለም ቀና አለ። «አንቺን ደግሞ መቼ አመመሽ?»

«ከመጣን ማግሥት ጀምሮ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ነግረኸኛል?»

ጤና መኮንኗ ብዕሯን አስቀመጠች። «የተኛችሁበት ክፍል ይሸታል?»

«ምንም አይሸትም» አለ ጋሽ ቀለም፣ የሞተ አፍንጫውን ይዞ በሙሉ ልብ።

«አይሸትም» አለች ሚስቱም። «ከሱ ሽታ በቀር።»

ጋሽ ቀለም አንገቱን ደፋ። ያቺ አክስት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ እዚህም ድረስ ተከትላው መጣች።

«የሳቸው ሽታ ምን ዓይነት ነው?» አለች ጤና መኮንኗ።

«የቀለም ነዋ። ቀለም ቀቢ እኮ ነው። ዕረፍት ላይ ይጠፋል ብዬ ነበር፣ እንዲያውም ባሰበት። ሳሙና ቢጨርስ አልለቀው አለ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንገቱን፣ የሸሚዙን እጅጌ፣ መዳፉን አሸተተች። «እናቴ፣ እሳቸው የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያላቸው።»

ሚስቱ አላመነችም። እሷም ተነስታ ባሏን እንደ ገበያ ሐብሐብ እያገላበጠች አሸተተችው። መዳፉን ደግማ አሸተተች። ከዚያ፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ሽታ የማን ነው?» አለች።

«ክፍሉ የተቀባው መቼ ነው?»

ከበሩ አጠገብ የቆመችው ባለቤቲቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የእህቴ ባል ነው የቀባልኝ። በዘይት ቀለም፤ ማቅጠኛውን አኳራጅ ያለ ልክ ሲያንቆረቁርበት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ስለነበር መስኮቱ አልተከፈተም።»

«ደርቋል እኮ!» አለ ጋሽ ቀለም፤ ሙያው ሲነካ ሕመሙን ረሳ። «በጣቴ ነክቼዋለሁ! ደግሞ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በቀለም ውስጥ ውዬ ሳያመኝ፣ አሁን ግድግዳ ሊጥለኝ?»

«ሲቀቡ መስኮት ይከፍታሉ?»

«እንዴታ!»

«ማታስ የት ያድራሉ?»

«ቤቴ ነዋ።»

«አዲስ የተቀባ ክፍል ዘግተው አድረውበት ያውቃሉ?»

ጋሽ ቀለም በልቡ መቁጠር ጀመረ። የስንቱን ሰው መኝታ ቤት ቀብቷል፤ በአንዱም ግን አንድ ሌሊት አላደረም። ነገ መተኛት ትችላላችሁ ይላል፣ መሰላሉን ይሸከማል፣ ይሄዳል።

«ሳንባዬስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያን ጊዜ የአሠልጣኙን ታሪክ ከሥር መሠረቱ አወጣው። ልጅቷ ሰምታ ስትጨርስ እንደገና ደረቱንም ጀርባውንም አዳመጠች፤ በረጅሙ አስተነፈሰችው። «ንጹሕ ነው የሚሰማኝ። አገርዎ ሲገቡ ግን ራጅ ይነሱ፤ ከዛሬ ጀምሮም አፍና አፍንጫዎን ሳይሸፍኑ እንዳይቀቡ። ያሁኑ ሕመም የክፍሉ ነው። መድኃኒቱ ክፍል መቀየር ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ያ ሁሉ ጥፋት የተለጠፈው በምስኪን ሳንባው ላይ ነበር። ጋሽ ቀለም ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ዕንባው መጣ። ሚስቱ ትከሻውን በቡጢ ደበደበችው። «ለብቻህ ልትሞት ነበር አይደል? እኔ ውሃ ላይ ስዘል አንተ ቁጭ ብለህ ልትሞት!» እያለች ታለቅሳለች። ደግሞ ትዝ ሲላት፣ «መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ፎጣ ሁሉ ወሽቄበት!» ትላለች። ባለቤቲቱም ታለቅሳለች። የጤና ጣቢያው ታማሚ ብቻ ነበር የሚስቀው።

ከዓመታት በፊት ወደተቀባ ክፍል አዛወሯቸው። ቀለሙ ተላልጧል፤ ጥግ ጥጉ ሻግቷል፤ መስኮቱ ግን ባሕሩን ነው የሚያየው፤ ወለል አድርገው ከፈቱት። ጋሽ ቀለም እንዲህ ያማረ ግድግዳ አይቼ አላውቅም አለ። ወዲያው ስልኩን አወጣ። ለጉዞ ከመነሳታቸው በፊት የሁለት ሙሽሮች መኝታ ቤት ቀብቶ፣ የተለመደውን ፍርዱን ሰጥቶ ነበር የመጣው።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ክፍል ውጡ። መስኮቱን ክፈቱና ሳምንት ሳሎን ተኙ።»

«ምነው ጋሼ፣ ነገ ትተኛላችሁ ብለውን አልነበር?»

«ተሳስቻለሁ። ራሳችሁን አላመማችሁም?»

በዚያኛው ጫፍ ሙሽራው እፎይ ሲል ተሰማ። «እኛ እኮ ትዳር እንዲህ ነው ብለን ነበር።»

በማግሥቱ ጋሽ ቀለም ሲነቃ ራሱን አላመመውም። ሕመሙ እንደ ልማዱ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ የለም። ዘርግቶ ቢያያት እጁ ጸጥ ብላለች። ፀሐይዋም ከስንት ቀን በኋላ ብቅ ብላ ግድግዳው ላይ አርፋለች። ደስታውን ለሚስቱ ሊነግራት ዞር ሲል፣ እሷ ገና ተኝታለች፤ ጉንጯ ሥር የሆነ ነገር ሸጉጣለች። ቀስ ብሎ የትራሱን ጫፍ ገለጥ አደረገ። ያቺ ቀለም የተረጨባት ቆቡ ናት።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ተዋት» አለች።

«ለፀሐይ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ሌላ ከተማ ለሥራ ስትሄድ ሁልጊዜ እዚሁ ነው የማደርጋት። እዚህ ክፍል ስንገባ ሽታህ ጠፋና እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

ጋሽ ቀለም ሃያ ስምንት ዓመት የታጠበበትን ነጭ ጋዝና ሳሙና አሰበ። ከዚያ ትራሱን መልሶ አስተካክሎ አጠገቧ ጋደም አለ።