ቀሚሱ ሰማያዊ አልነበረም

ጋሼ ቀስበሉ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተዋል። ስሙ የወጣላቸው፣ ተሳፋሪ ሲያወርዱ ሁሌም «ቀስ በሉ፣ ደርሳችኋል» ስለሚሉ ነው። ጡረታ ሲወጡ መጽሐፍ ጻፉና በራሳቸው ገንዘብ ሊያሳትሙት የገጽ ቅንብር ወደምሠራባት ጠባብ ክፍል መጡ። የጻፉት ጎህ ሲቀድ ስለነዱባቸው መንገዶች፣ ጭጋግ ውስጥ ቆመው ስለሚጠብቋቸው ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ግን ስለ ባለቤታቸው ነው። ገጾቹን በኮምፒውተር ሳቀናብር ሥራዬን እረሳና እኔም እዚያው ጭጋግ ውስጥ አውቶቡስ የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ናሙና አትሜ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ።

«ምነው ጋሼ፣ እትዬ አልወደዱትም?»

«ወደደችው እንጂ! ‹ግሩም ነው› አለችኝ። ወረቀቱን የያዘችው ግን ገልብጣ ነው።»

የእትዬ ዓይን እየደከመ መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ። ሐኪሙ ከእንግዲህ እየባሰበት እንጂ እየተሻለው አይሄድም ብሏል። እሳቸው ግን ባላቸው እንዳይከፋቸው እንዳነበቡ ያስመስላሉ። ጋሼ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዓይናቸው ብርሃን ሳያልቅ እትዬ መጽሐፉን ራሳቸው እንዲያነቡት።

ፊደሉን አሳደግሁት። ፊደሉ ሲያድግ መጽሐፉ አበጠ፤ አብራኝ የምትሠራው አርታኢም ለመቁረጥ ተነሳች። የሰርግ መጥሪያ እንኳ ሳታርም ሰርግ የማትሄድ ሴት ናት። ጋሼ ከአውቶቡስ ተቆጣጣሪው ጋር የተጣሉበትን ምዕራፍ ከነስድቡ አወጣችው፤ እሺ አሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን ድርቅ አሉ።

«እትዬ መጀመሪያ አውቶቡስዎ ላይ የተሳፈሩ ቀን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው ነበር ብለው ጽፈው፣ አሁን ሰማያዊ አደረጉት» አለቻቸው። «የቱ ነው ልክ?»

«አረንጓዴው።»

«ታዲያ ልመልሰዋ!»

«ተዪው ልጄ። ካነበበችው ዝም አትልም።»

 አርታኢዋ ቀይ እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስህተት አይታ ስታልፍ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት የመጣ ዕለት ጋሼ «ብቻዬን አልችለውም» ብለው ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱ። እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መጽሐፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። መጋረጃው ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ይመለሳል። ገጽ ተገለጠ፤ ሌላም ተገለጠ።

«ግሩም ነው» አሉ።

ጋሼ ወለሉን አዩ።  የፊደሉን መጠን የመረጥሁት እኔ ነኝና ራሴን ረገምሁት። እትዬ ግን መግለጣቸውን አልተዉም። ጣታቸው መስመር ለመስመር እየሄደ፣ እየሄደ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አንተ!» አሉ። «የምን ሰማያዊ ነው? የኔ ቀሚስ አረንጓዴ ነበር! ሰማያዊ የለበሰችው ደግሞ ማን ናት?»

 ጋሼ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«አንብቢ» አሉ በመጨረሻ። «ስትጨርሺ እነግርሻለሁ።»